ከሐዘን በኋላ ኑሮን መልሶ ማቆም፦ ሴቶችና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ባሏን፣ ልጇን፣ ወላጇን ወይም ቤት ንብረቷን አጥታ የቤተሰቡ ሸክም በሙሉ ትከሻዋ ላይ ለወደቀ ሴት፣ እንዲሁም ከጎኗ ቆመው ሊያግዟት ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። ብዙ ሰው ሐዘን ሲያልቅ ኑሮ ይጀመራል ብሎ ያስባል። በተግባር ግን ሁለቱ ተራ አይጠባበቁም። ሴትዮዋ ጠዋት ስታለቅስ ቆይታ ከሰዓት በኋላ የጡረታ ፎርም ትሞላለች፤ ማታ ልጆቿን አስተኝታ እንደገና ታለቅሳለች። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ ከዚህ እውነት የሚነሡ ናቸው።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ፈረሰብኝ። ከየት ልጀምር?

ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከውሃ ይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አእምሮ ቀላል ነገር እንኳ መያዝ ያቅተዋል። በሩን ቆልፈው እንደሆነ ይጠራጠራሉ፤ አሁን የተነገረዎትን ወዲያው ይረሳሉ፤ አንድ ደብዳቤ ደጋግመው አንብበው ምን እንደሚል አይገባዎትም። ብዙ ሴቶች በዚህ ይደነግጣሉ፣ «አእምሮዬን ልስት ነው» ብለውም ይሰጋሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከባድ ሐዘን ትኩረትንና ትውስታን ለጊዜው ያዳክማል፤ ሲሰነብት ይመለሳል። እስከዚያው አንድ ደብተር ይያዙና ሁሉን ነገር እዚያ ላይ ያስፍሩ፦ ማን ደወለ፣ ማን ምን ቃል ገባ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን ሰነድ ጠየቀ፣ ምን ያህል ገንዘብ ወጣ፣ ከማን ተበደሩ። ይህ ደብተር በኋላ የንብረት ወይም የዕዳ ክርክር ሲነሣ ትልቅ ጉልበት ይሆንዎታል።

ከዚያ የቀኑን ውሎ የሚይዙ ሁለት ሦስት ነገሮች ብቻ አይለዋወጡ፤ ልጆች የሚነሡበት ሰዓት፣ ቤተሰቡ አብሮ የሚበላበት ሰዓትና የመኝታ ሰዓት። ሌላው ሁሉ ቢዛነፍ ችግር የለውም።

ከወረቀት ሥራ ሁሉ የማይቆየው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ጡረታ፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሂሳብ፣ ውርስ፣ የልጆች ሞግዚትነት ሁሉም ይህን ሰነድ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ የተረጋገጠ ቅጂ ያውጡ። ከመታወቂያ፣ ከጋብቻና ከልደት ምስክር ወረቀቶች፣ ከቤት ወይም ከመሬት ሰነድ ጋር በአንድ ቦርሳ ያኑሩት። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ።

ሐዘን አምስት ደረጃዎች አሉት ይባላል። እኔ ግን አንዱንም በቅደም ተከተል አላለፍሁም። ምን ነካኝ?

ምንም አልነካዎትም። መካድ፣ ቁጣ፣ መደራደር፣ ድብርት፣ መቀበል የሚባሉትን ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበችው ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ የተባለች የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት። እርሷ ያነጋገረቻቸው ግን የራሳቸውን ሞት የሚጠባበቁ ሕሙማን ነበሩ፤ ከሞተው ሰው በኋላ የቀሩ ቤተሰቦች አልነበሩም። ሐሳቡ ወደ ሐዘንተኞች የተሻገረው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ሰው በእነዚህ ደረጃዎች በሰልፍ እንደሚያልፍ አላረጋገጡም። ቁጣው ከዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዷ ሴት ገና በመጀመሪያው ቀን ሞቱን ተቀብላ፣ በስድስተኛው ወር የበሩ ደወል ሲጮኽ «መጣ» ብላ ትነሣለች። አንዳንዱም ሰው ብዙ ሳያለቅስ ያልፋል፤ ይህ አልወደደም ማለት አይደለም።

አንድ ቀን ከአልጋ መነሣት ያቅተኛል፤ በማግስቱ ደግሞ ሥራ ስሠራ ውዬ ሟቹን ሳላስበው ይመሻል። ከዳሁት ይሆን?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ምክንያቱም ጤናማ ነገር የሆነባት ሴት ራሷን የምትከስበት ስለሆነ።

በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ መመላለስ ያብራራል። እንደ እነርሱ አባባል ሐዘንተኛ ሰው ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት። አንዱ ወደ ሐዘኑ ዞሮ ማልቀስ፣ መናፈቅ፣ ፎቶ ማየት፣ ስለ ሟቹ ማውራት ነው። ሁለተኛው ሞቱ ያመጣውን አዲስ ኑሮ መልመድ ነው፦ ቀድሞ እርሱ ይይዘው የነበረውን ሂሳብ መያዝ፣ ብቻዋን ልጅ ማሳደግ፣ «ባለትዳር» ከመባል ወደ ሌላ ማንነት መሻገር። ጤናማው ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል፤ በመካከልም ከሁለቱም ዕረፍት ይወስዳል። ሲያለቅስ ብቻ የሚውል ይደክማል፤ በሥራ ብቻ ራሱን የሚደፍንም ሐዘኑ በሌላ በር ይመጣበታል።

ስለዚህ ሥራ ላይ ውለው ሳያስቡት መምሸቱ ክዳት አይደለም፤ ሰውነትዎ ትንፋሽ መውሰዱ ነው። በሌላ በኩል ከሦስት ሳምንት ጥሩ ቆይታ በኋላ አንድ ሽታ ወይም አንድ ዘፈን አንገዳግዶ ቢጥልዎት ወደ ኋላ ተመለስሁ አይበሉ።

«ለልጆችሽ ስትይ ጠንከር በይ» የሚሏትን ሴት በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። ተናጋሪዎቹ ክፋት የላቸውም። ግን ሴትየዋ ቃሉን የምትሰማው «ከአንደኛው ሥራ ውጪና ሁለተኛውን ብቻ ሥሪ» ተብሎ ነው። ልጆች ደግሞ እናታቸው ስታለቅስ ማየት አይጎዳቸውም። አልቅሳ ፊቷን ታጥባ ስትነሣ ካዩ፣ ሐዘን የሚቻል ነገር መሆኑን ከእርሷ ይማራሉ።

ደረቴን ይወጋኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። ሐዘን ብቻ ነው ብዬ ልተወው?

የደረት ሕመምን በፍጹም እንዳይተዉት። ከባድ ድንጋጤና ሐዘን የልብን ጡንቻ በድንገት ሊያዳክም ይችላል። «ታኮትሱቦ» የሚባለውን ይህን ሕመም መጀመሪያ የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ በብዛት የሚያጠቃውም የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። ምልክቱ ከድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ጋር ስለሚመሳሰል ያለ ምርመራ መለየት አይቻልም። ክትትል ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም በሐዘን ወቅት ማቋረጥ በጣም የተለመደ ነውና፣ የሚያስታውስዎት ሰው ይመድቡ።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ ለማረጋጊያ የሚታዘዙት እንደ ዳያዜፓም ያሉ የቤንዞዳያዜፒን መድኃኒቶች ለሐዘን ተብለው መሰጠት እንደሌለባቸው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አሳስቧል። ሱስ ያስይዛሉ፤ የሐዘኑንም ጉዞ አያቀሉም። ጎረቤት «እኔን ረድቶኛል» ብላ የሰጠችዎትን ክኒን አይውሰዱ። አስቀድመው በሐኪም ትእዛዝ እየወሰዱ ከሆነ ግን በድንገት አያቁሙ፤ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ባሌ የገባበት ጠፋ። ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ አስከሬን የለም፤ ይመጣል ብዬ እንዳልጠብቅ ዓመታት አለፉ።

ይህ ከሐዘን ሁሉ የከበደ ዓይነት ነው። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የገቡበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንታ፣ እርግጠኛ መሆን የማይቻልበት እንዲህ ያለ ማጣት ሰውን በመሃል አግዶ እንደሚያስቀረው አሳየች። እንዲህ ያለች ሴት ላይ ሁለት ወገን ይጫናታል፤ አንዱ «ተስፋ አትቁረጪ» ይላታል፣ ሌላው «ይብቃሽ፣ ኑሮሽን ኑሪ»። ሁለቱም ያላለቀውን ነገር እንድትጨርስ ነው የሚጠይቋት።

መምረጥ የለብዎትም። «ምናልባት ሞቷል፤ ምናልባትም ይመጣል» የሚለውን ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዞ መኖር ይቻላል፤ ቦስ ከቤተሰቦቹ የተማረችውም ይህንኑ ነው። ለልጆችም እንዲሁ በግልጽ ይንገሩ፦ «የት እንዳለ አናውቅም። እየፈለግነው ነው። እስከዚያው እኔና እናንተ እንዲህ እንኖራለን።» በጦርነትና በስደት ለጠፉ ሰዎች የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የፍለጋ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ጥያቄ ለማስገባት ክፍያ የለውም። በሕግ በኩል ደግሞ በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ስለ መጥፋት ውሳኔ ይሰጣል። ንብረት ለማስተዳደርና ጡረታ ለመጠየቅ ይህ ውሳኔ ያስፈልጋል። ውሳኔውን መጠየቅ «ገደልሁት» ማለት አይደለም፤ ልጆቹ የሚበሉበትን መንገድ መክፈት ነው።

ለልጆች እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

«ሞተ» በሚለው ቃል ይንገሯቸው። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ መቼ እንደሚመለስ ይጠይቃል፤ ካልተመለሰም «ስላልወደደኝ ነው» ይላል። እውነቱን ከጎረቤት ልጅ ሲሰማ ደግሞ የቀረው ወላጁም እንደዋሸው ያውቃል። እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «አባባ በጣም ታምሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሞከሩ፣ ግን ሰውነቱ መሥራት አቆመ፤ ሞተ። ከእንግዲህ አይመለስም። እኔ ግን አለሁ፤ የሚንከባከቧችሁም አሉ።»

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት ለዘላለም መሆኑን አይረዳም። ነገሩ ገብቶታል ብለው ሲያስቡ በማግስቱ «አባባ መቼ ይመጣል?» ይላል። በትዕግሥት በዚያው ቃል ደጋግሞ መመለስ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ መመለስ እንደሌለ መረዳት ይጀምራል፤ ያኔ ደግሞ «አንቺም ትሞቻለሽ?» የሚለው ፍርሃት ይመጣል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች በራሳቸው ጥፋት የሆነ ይመስላቸዋል። «ስላስቸገርሁት ነው የሞተው» ብሎ ለብቻው ተሸክሞ የሚኖር ልጅ ብዙ ነው፤ ሳይጠይቅም ቢሆን «አንተ ያደረግኸው ወይም ያሰብኸው ነገር አልገደለውም» ይበሉት። ያቆመውን አልጋ ላይ ሽንት መሽናት እንደገና ቢጀምር አይቆጡት። ሐዘን ላይ እያሉ ወጥቶ ኳስ ሲጫወት ቢያዩትም ልቡ ደንዳና ሆኖ አይደለም፤ ልጅ የሚያዝነው ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ወላጃቸውን ያጡ ልጆችንና የቀረውን ወላጅ አብሮ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ለዓመታት ተጠንቷል። ከስድስት ዓመት በኋላ የተካፈሉት ልጆች ካልተካፈሉት ይልቅ የተሻለ የአእምሮ ጤና ነበራቸው። ፕሮግራሙ ወላጆችን ካስተማራቸው መካከል ሦስት ቀላል ነገሮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አዘውትሮ ጥቂት ደቂቃ ለብቻ መሆን፣ ልጁ ሲናገር ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ የቤቱን ሥርዓት ሳያላሉ መያዝ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «አባት የለውም» ብለን ያልከለከልነው ልጅ፣ ቤቱ ጠባቂ እንደሌለው ይሰማዋል።

ትልቁ ልጄ «አሁን የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ» ይላል። ደስ ይበለኝ ወይስ ልስጋ?

ይስጉ። ማገዝ ያኮራዋል፣ ያሳድገውማል፤ የእናቱን ጭንቀት፣ ዕዳና የሌሊት ለቅሶ መሸከም ግን የልጅ ሥራ አይደለም። የሚሠራው ሥራ ተለክቶ የሚያልቅ ይሁን፤ ትንሹን ወንድሙን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ውሃ መቅዳት። የቤት ኪራይ ከየት ይመጣል የሚለውን ጭንቀት ለአዋቂ ወዳጅ ያካፍሉት። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ሸክም ማንም ሳያስተውለው ነው የሚወድቀው፤ አባወራ ነኝ አትልም፣ ዝም ብላ ከትምህርት ቤት ትቀራለች።

ገንዘብን በተመለከተ አሁን መወሰን ያለብኝና የማያስቸኩለው የቱ ነው?

የማይቆዩት የጊዜ ገደብ ያላቸው ናቸው፦ የጡረታና የኢንሹራንስ ጥያቄ፣ የሟቹ መሥሪያ ቤት ያለበት ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የውርስ ማረጋገጫ፣ የቤት ኪራይ። መሥሪያ ቤቱን «የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁና በደብተሩ ላይ ይጻፉት።

የሚቆዩት ደግሞ መመለሻ የሌላቸው ናቸው። ቤት መሸጥ፣ ከተማ መልቀቅ፣ የተገኘውን ካሳ በሙሉ ንግድ ላይ ማፍሰስ፣ ለዘመድ ትልቅ ገንዘብ ማበደር። አቅም እስከፈቀደ ድረስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያቆዩዋቸው። የሚያጣድፍዎት ሰው ካለ፣ መጣደፉ ራሱ የማቆያ ምክንያት ነው። «ሐዘን ላይ ነኝ፤ ከዓመት በፊት አልወስንም» የሚል መልስ ማንንም አያስቀይምም፤ ቢያስቀይምም ይሁን።

ስለ ዕዳ፦ ሰው ሲሞት «ገንዘብ ነበረኝ» የሚሉ ይመጣሉ። እውነተኞችም አሉ፣ አጋጣሚ ፈላጊዎችም አሉ። ሁሉንም በትሕትና ተቀብለው ማስረጃ ይጠይቁ፤ በቃል ብቻ አይመኑ፣ ምንም ነገር ላይም አይፈርሙ። በብዙ አገሮች ሕግ የሟች ዕዳ መጀመሪያ የሚከፈለው ከተወው ንብረት ነው። ሳያውቁ በፈረሙት ወረቀት ግን ያ ዕዳ የራስዎ ሊሆን ይችላል። በሟቹ የባንክ ካርድ ወይም የሞባይል ገንዘብ ምስጢር ቁጥር ገንዘብ ማውጣትም፣ ለልጆች ምግብ ቢሆን እንኳ፣ በኋላ ከወራሾች ጋር ክስ ሊያስከትል ይችላል። ለባንኩ አሳውቀው በሕጋዊ መንገድ ይጠይቁ።

የባሌ ዘመዶች ቤቱን ልቀቂ፣ ልጆቹንም አምጪ ይሉኛል። መብት አላቸው?

የየአገሩ ሕግ ዝርዝር ይለያያል፤ ስለዚህ ሳይለቁ አስቀድመው የሕግ ምክር ይጠይቁ። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የሴት ጠበቆች ማኅበራትና የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች በብዙ ቦታ አሉ። መሠረቱን ግን ይወቁት። ሴቶችን በተመለከተ የአፍሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2003 በማፑቶ የተቀበሉት ፕሮቶኮል በአንቀጽ 20 ባሏ የሞተባት ሴት የልጆቿ አሳዳጊና ሞግዚት እንደምትሆን፣ ከዚህ የሚወጣው የልጆቹን ጥቅም የሚጎዳ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። እንደገና ለማግባት ከፈለገችም የመረጠችውን የማግባት መብት አላት። አንቀጽ 21 ደግሞ ከባሏ ንብረት ተገቢ ድርሻ እንድታገኝና በትዳር ቤቷ መኖር እንድትቀጥል ይላል።

ሕግ ሲለወጥ ኑሮ እንደሚለወጥ ሩዋንዳ ጥሩ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 በቱትሲዎች ላይ ከተፈጸመው የዘር ማጥፋት በኋላ እጅግ ብዙ ቤቶች በሴት እጅ ብቻ ቀሩ። ሴት ልጅ ግን መሬት አትወርስም ነበር፤ የቤተሰቡ ወንዶች ያለቁባት ሴት በአባቷም በባሏም መሬት ላይ መብት አልነበራትም። በ1995 ከጥፋቱ የተረፉ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች አቬጋ አጋሆዞ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። መጀመሪያ እርስ በርስ ለመጽናናት የተሰባሰቡት ሴቶች ቆይተው ሕክምና፣ መጠለያና የሕግ ድጋፍ ማደራጀት ጀመሩ። በ1999 ወንድና ሴት ልጆች እኩል እንዲወርሱ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። ሐዘናቸው ስላለቀ አይደለም ለመብት የቆሙት፤ እያለቀሱ ነው።

ገቢ የለኝም። ከየት ልጀምር?

እጅዎ ላይ ካለው ሙያ ይጀምሩ፤ በትንሹ ይሞክሩ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፈጽሞ አዲስ ሥራ ለመማር ትኩረት ያጥረዋል። የቤትና የሥራ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን በተለያየ ቦታ ይቀመጥ። ብዙ ጅምር የሚወድቀው ገበያ አጥቶ ሳይሆን ትርፉ ሳይታወቅ በቤት ወጪ ስለሚያልቅ ነው።

ብድር ከመውሰድ በፊት የቁጠባ ቡድን ይፈልጉ። ኬር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 በኒጀር ማራዲ አካባቢ ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ የሚተዋወቁ ሰዎች በየሳምንቱ አቅማቸው የፈቀደውን ያስቀምጣሉ። ከተጠራቀመው ገንዘብ አባላት በአነስተኛ ወለድ ይበደራሉ፤ ወለዱም የራሳቸው ነው። ገንዘቡ ሦስት ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጣል፣ ቁልፎቹም በሦስት የተለያዩ ሴቶች እጅ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ሁሉም ያስቀመጠውን ከነትርፉ ይካፈላል። ከጎኑ ለሕመምና ለሞት የሚውል ትንሽ የመረዳጃ ገንዘብ አለ። ለሐዘንተኛ ሴት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ በየሳምንቱ በተወሰነ ሰዓት ከቤት ያስወጣታል፣ ካልመጣችም «ምን ሆነች?» የሚል ሰው ይኖራታል።

የደረሰብኝን ነገር ለሰው መናገር አለብኝ?

ሲፈልጉ፣ ለመረጡት ሰው፣ በመጠኑ። ከአደጋ በኋላ ሰውን ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስወጣት ያድናል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ጥናቶች ግን እንደማይረዳ፣ አንዳንዱንም እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የሚጠቅመው መጀመሪያ ደኅንነት፣ መጠለያና የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ነው።

አዳማጩ የግድ ሐኪም መሆን የለበትም። የዚምባብዌው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከአረጋውያን እናቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመረ። ሴት አያቶቹ አጭር ሥልጠና ወስደው በጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ያነጋግራሉ። ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ከተዘረዘሩት ችግሮች አንዱን ብቻ አብረው መርጠው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ምን እንደሚደረግ ይወስናሉ። በ2016 የወጣው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ እነርሱ ያነጋገሯቸው ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ የድብርት ምልክታቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚህ የምወስደው «አንድ ችግር ብቻ» የሚለውን ነው። ቤትዎ ተቀምጠው ከእህትዎ ወይም ከጓደኛዎ ጋር ሊያደርጉት ይችላሉ።

ከደረሰብኝ ውስጥ መደፈርም አለበት። አሁን ምን ላድርግ?

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። በተቻለ ፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሠራል፤ ሁለቱም በቶሎ ሲወሰዱ የተሻለ ነው። ጊዜው ካለፈም ይሂዱ፤ ምርመራና ሌላ ሕክምና አለ። ፖሊስ ጋ መሄድ አለመሄድን በኋላ መወሰን ይቻላል።

ወደ ባለሙያ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የሕመሞች ዝርዝር፣ ከስድስት ወር በላይ ሳይቀንስ የሚቆይና ኑሮን የሚያግድ ሐዘን ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ተብሎ ተመዝግቧል። በዓመቱም ማልቀስ ሕመም አይደለም። ቀኑ ሁሉ በናፍቆት ብቻ ሲያልፍ፣ ሞቱ ፈጽሞ እውነት አልመስል ሲል፣ ልጅ መንከባከብና ሥራ መሥራት ሲያቅት፣ ያኔ ለዚህ ሐዘን የተለየ የንግግር ሕክምና አለ፤ ይሠራልም።

«እኔም በሞትሁ» የሚለው ሐሳብ በሐዘን ውስጥ ብልጭ ሊል ይችላል። እንዴት እንደሚሞቱ ማሰብ ከጀመሩ ግን ቀን አይቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይንገሩ፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አብሮ ያለ ሰውም ብቻዎን አይተውዎት፤ መድኃኒትና መርዝ ከቤት ያውጣ። በቀጥታ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ለመናገር በር ይከፍታል።

ሰው አልሞተብንም፤ ቤታችንና ያለን ሁሉ ነው የጠፋው። ማዘናችን ልክ ነው?

ልክ ነው። «ዋናው ነፍሳችሁ መትረፉ ነው» የሚለው እውነት ቢሆንም፣ ቤት ማጣት ልጅነትን፣ ጎረቤትን፣ ፎቶዎችንና የነገን ዕቅድ አብሮ ማጣት ነው። ከላይ የተባለው መመላለስ እዚህም ይሠራል።

ልብሶቹን መቼ ላንሣ? ቀለበቱንስ?

የሚያስቸኩል ነገር የለም። ሌሎች ገብተው እንዲያጸዱልዎት ግን አይፍቀዱ፤ ይህን ያደረጉ ቤተሰቦች በኋላ ይጸጸታሉ። ለልጆች ጥቂት ነገር ያስቀሩ። ከሟቹ ጋር ያለውን ግንኙነት መቁረጥ የጤና ምልክት ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ተቀባይነቱ ቀንሷል፤ ሰው ሟቹን በልቡ ይዞ፣ ምክሩን እያስታወሰ፣ ወደፊት መኖር ይችላል። እንደገና የሚያገባም ቢሆን።

እህቴ ሐዘን ላይ ናት። ምን ባደርግላት ይሻላል?

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» አይበሏት፤ የምትፈልገውን አስባ፣ መርጣ፣ ደፍራ እንድትጠይቅ ሌላ ሥራ መስጠት ነው። «ማክሰኞ ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ» ይበሏት። «ሐሙስ የጡረታ ቢሮ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ወረቀቱን እኔ እይዛለሁ።» የሟቹን ስም ይጥሩ። ስሙን ብናነሣ እናስታውሳታለን ብለን እንፈራለን፤ እርሷ ግን መቼም አልረሳችውም፤ የምትፈራው ሌላው ሰው እንዳይረሳው ነው።

ሲያለቅሱላት የነበሩ ሰዎች ወደየኑሯቸው የሚመለሱት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ኑሮዋ የሚከብደው ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ገንዘቡ ሲያልቅና ስልኩ ዝም ሲል። እርዳታዎን ከፍለው ያስቀምጡት፦ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በአራተኛውና በስምንተኛው ወር። የሞተበትን ቀን፣ የልደቱን ቀንና የጋብቻቸውን ቀን በስልክዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝግቡ። ከቀኑ በፊት ያለው ሳምንት ከቀኑ ከራሱ ይልቅ ሊከብዳት ይችላልና፣ ቀደም ብለው ይደውሉላት።